ብረቱ ከመግባቱ በፊት፤ ጸረ ተሐዋስያን ልባጥ ያላቸው የአጥንት ብረቶችና የራያ ቆላ ቁስለኛ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በአጥንት ውስጥ ለሚቀመጡ ብረቶች ስለሚሠሩ ጸረ ተሐዋስያን ልባጦች ነው። ርእሱ የቤተ ሙከራና የረቂቅ ምሕንድስና ጉዳይ በመሆኑ፣ ለቆቦና ለራያ ቆላ ሕዝብ ምን ይፈይዳል የሚል ጥያቄ በአንዳንዶቻችሁ ሐሳብ እንደሚመላለስ እገምታለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ንግግሬም ለዚሁ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ የታሰበ ነው።

የምደርስበትን አስቀድሜ ልግለጽ። ልባጡ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ለሰሜን ወሎ ቁስለኛ የሚስማማው ልባጥ እስከ ዛሬ በሌሎች አገሮች ከተሠራው በብዙ ነገር የተለየ መሆን አለበት። ጥቅሙም የሚታየው ብረቱ ከመግባቱ በፊት ቁስሉ በሚገባ የተያዘ እንደሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ ልባጡ የሚያስብ ሐኪም ስለ መንገዱም፣ ስለ ውኃውም፣ ስለ መጀመሪያው መርፌም አብሮ ማሰብ ይኖርበታል።

ሀ. ቁስለኛው የሚመጣበት አገር

ቆቦ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴና በወልድያ በኩል ወደ አላማጣና ወደ መቀሌ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ከተማ ናት። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ ደግሞ ወደ ላስታ የሚወጣው ደጋ ያዋስናታል። በመካከል የተዘረጋው ሜዳ የማሽላ አገር ነው፤ ደጋሌትና ጅጉርጤ የሚባሉት የማሽላ ዓይነቶች የታወቁት በዚህ አካባቢ ነው። ክረምት ሲገባ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ደለል ተሸክሞ በሜዳው ላይ ይፈስሳል።

የሰውም አጥንት የሚሰበረው በዚሁ ኑሮ ውስጥ ነው። ወፍ ሲጠብቅ ከማሽላ ማማ ላይ የሚወድቅ አለ፤ ከግመል የሚወድቅም አለ፤ በጎዳናው ላይ ከባድ መኪናው፣ ባጃጁና ሞተር ብስክሌቱ ከእግረኛውና ከመንጋው ጋር ይጋፋሉ። በዚህ ላይ የጥይት ቁስል ተጨምሯል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በቆቦ ሜዳ ላይ በተመላለሰበት ጊዜ በጥይትና በፍንጣሪ የተሰበረ አጥንት በርክቷል። በዚያው ወቅት በወሎ የሚገኙ ብዙ የሕክምና ተቋማት፣ ወልድያና ደሴ ሆስፒታሎች ጭምር፣ ተዘርፈዋል።

ቁስለኛው የሚጓዝበትን መንገድ እናስብ። አጥንቱ ቆዳውን ቀድዶ የወጣበት ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው በወጌሻ ነው። ወጌሻ በሕዝቡ ዘንድ የታመነና የተከበረ ባለሙያ ነው። ዝግና ቀላል የሆነ ስብራት በእጁ ሊድን ይችላል። ቁስል ያለበት ስብራት በሸንበቆ ጠብቆ ሲታሰር ግን የደም ዝውውሩ ይቋረጣል፤ እግሩም እስከ መሞት ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ጤና ጣቢያው፣ ቀጥሎ የቆቦ ሆስፒታል ይመጣል። ቀዶ ሕክምናው ከፍ ያለ ሲሆን በሮቢትና በጎብዬ በኩል 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወልድያ፣ ከወልድያም 120 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደሴ መድረስ ያስፈልጋል። መኪና ካልተገኘ፣ ጎርፍ ከሞላ ወይም መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ከተዘጋ ሰዓቱ ወደ ቀን፣ ቀኑም ወደ ቀናት ይለወጣል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ጭቃውና እበቱ በቁስሉ ውስጥ ነው።

ለ. ብረትና ተሐዋስያን

የሰው ሥጋ እንግዳ ነገር ካልገባበት በቀር ተሐዋስያንን የመቋቋም ኃይሉ ከፍተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ኤሌክና ኮነን የተባሉ ተመራማሪዎች በፈቃደኛ ሰዎች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ስታፊሎኮከስ የተባለው ተሐዋሲ በጤናማ ቆዳ ውስጥ መግል እንዲያስቋጥር ቁጥሩ ብዙ ሚሊዮን መሆን እንዳለበት፣ በቆዳው ውስጥ የሐር ክር ሲኖር ግን ጥቂት መቶ ብቻ እንደሚበቃ አሳይተዋል። አንዲት ክር ይህን ያህል ካደረገች፣ በመቅኔ ውስጥ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚዘልቅ ዘንግ ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ምክንያቱም ይታወቃል። ብረት ደም የለውም። ነጭ የደም ሕዋስም ሆነ በደም የሚጓዝ መድኃኒት በላዩ ላይ እንደ ልቡ አይደርስም። ተሐዋሲው በብረቱ ወለል ላይ ከተጣበቀ በኋላ ይባዛል፤ ዝልግልግ ሽፋንም ያበጃል። ይህንን ሽፋን ባዮፊልም እንለዋለን። በባዮፊልም ውስጥ የተሸሸገ ተሐዋሲ በነጻ ከሚንሳፈፈው ይልቅ አንቲባዮቲክን እጅግ አብዝቶ ይቋቋማል። ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቁስሉ ይደርቃል፣ እንደገና ይፈነዳል፣ ከቅልጥም የሚወጣው መግልም ለዓመታት ይቀጥላል። ገበሬው በሬውን ይሸጣል፤ ብረቱ ይወጣል፤ አጥንቱ ሳይገጥም ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ1987 አንቶኒ ግሪስቲና የተባሉ ሐኪም ይህን ሁኔታ ለብረቱ ወለል በሚደረግ እሽቅድምድም መስለውታል። ተሽቀዳዳሚዎቹ የሰውነት ሕዋስና ተሐዋሲው ናቸው። ቀድሞ የሠፈረው ባለ ርስት ይሆናል፤ ዘግይቶ የመጣው ቦታ ያጣል። የልባጥ ሥራ በሙሉ የተመሠረተው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው፤ ይኸውም ተሐዋሲው መሬቱን እንዳይዝ እየከለከሉ ለሰውነት ሕዋስ ጊዜ መግዛት ነው።

ሐ. የልባጥ ዓይነቶች

ልባጦቹን በሦስት ከፍለን ማየት ይቻላል።

1ኛ. በቅርጻቸው የሚሠሩ ናቸው። እዚህ ላይ መለኪያው ናኖ ሜትር ነው። አንዲት የጤፍ ፍሬ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ርዝመት አላት፤ ይህም አንድ ሚሊዮን ናኖ ሜትር ነው። ስታፊሎኮከስ አንድ ሺህ ናኖ ሜትር ያህል ስፋት ስላለው፣ በአንዲት የጤፍ ፍሬ ርዝመት ልክ አንድ ሺህ ያህሉ ሊሰለፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአውስትራሊያ የሚገኙ ተመራማሪዎች ሲካዳ የሚባለው ነፍሳት ክንፉ ፕስዩዶሞናስ የተባለውን ተሐዋሲ ያለ አንዳች መድኃኒት እንደሚገድል አስታወቁ። ክንፉ 200 ናኖ ሜትር ያህል ቁመት ባላቸው ጥቃቅን ዓምዶች የተሸፈነ ነው፤ ተሐዋሲው በላያቸው ሲያርፍ ገለፈቱ ተወጥሮ ይቀደዳል። ከዚያ ወዲህ ይህንኑ ቅርጽ በብረት ላይ ለመቅረጽ ብዙ ተደክሟል። ቲታኒየምን ፍሎራይድ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ነክሮ ኤሌክትሪክ ሲያስተላልፉበት ወለሉ እንደ እንጀራ ዓይን በተደረደሩ ረቂቅ ቱቦዎች ይሸፈናል፤ የቱቦዎቹም ስፋት በኤሌክትሪኩ ኃይል መጠን ይወሰናል።

የዚህ ዘዴ መልካምነቱ መድኃኒት ስለሌለበት ተሐዋሲው የመድኃኒት መላመድን የሚያዳብርበት ምክንያት ማነሱ ነው። ድክመቱ ደግሞ ሁለት ነው። የሲካዳው ክንፍ በደንብ የገደለው ስስ ግድግዳ ያላቸውን ተሐዋስያን ነው፤ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ዋነኛ ጠላት የሆነው ስታፊሎኮከስ ግን ግድግዳው ወፍራም ነው። ከዚህም በላይ ብረቱ በሰውነት ውስጥ እንደገባ የደም ፕሮቲን ወዲያው ይለብሰዋል። የሞቱት ተሐዋስያንም ራሳቸው ዓምዶቹን ሸፍነው ለሚቀጥለው መቆሚያ ይሆናሉ።

2ኛ. ብርንና አዮዲንን የመሰለ ተሐዋሲ ገዳይ ንጥረ ነገር የያዙ ናቸው። በጀርመን አገር ሙንስተር ከተማ የአጥንት ነቀርሳ ተወግዶላቸው በምትኩ ትልቅ ብረት ከገባላቸው በሽተኞች መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ጽሑፍ መሠረት፣ ብረቱ በብር የተለበጠላቸው ሲመረቅዙ 5.9 በመቶ፣ ተራ ቲታኒየም የገባላቸው ደግሞ 17.6 በመቶ ነበሩ። በጃፓን ካናዛዋ ከተማ የእነ ዶክተር ሱቺያ ቡድን በኤሌክትሪክ ኃይል ደቃቃ ቀዳዳ በተበጀለት የቲታኒየም ወለል ውስጥ አዮዲን እያስገባ በ222 በሽተኞች ላይ ተጠቅሞበታል፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ2012 አሳትሟል። አዮዲን ከቁስል ማጠቢያችን ጋር የምናውቀው ስለሆነ ይህ ሥራ ለእኛ ቅርብ ነው።

3ኛ. አንቲባዮቲክ የሚለቁ ናቸው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ቡክሆልዝ በሃምቡርግ ጄንታማይሲንን ከአጥንት ሲሚንቶ ጋር ቀላቅለው ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ኋላም ሟሚ በሆነ ፕላስቲክ ውስጥ ጄንታማይሲን ተደርጎ የተለበጠ የቅልጥም ዘንግ በአውሮፓ ገበያ ወጥቷል። ጉዳቱ ግን መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በብዛት ፈስሶ ማለቁ፣ ተሐዋሲውም መድኃኒቱን የለመደ እንደሆነ ልባጡ ከንቱ መሆኑ ነው። አንቲባዮቲክ እንደ ልብ በሚታደልበት አገራችን ይህ ሥጋት ቀላል አይደለም።

መ. ለእኛ ቁስለኛ የሚስማማው ልባጥ

ከላይ የጠቀስኳቸው ውጤቶች አንድ የጋራ ነገር አላቸው። ብረቱ የገባው ተሐዋስያን ሥር ሳይሰድዱ ነው፤ አለዚያም ቁስሉ አስቀድሞ በጥንቃቄ ከተጠረገ በኋላ ነው። እሽቅድምድሙ ሲጀመር ሁለቱም ተወዳዳሪዎች መነሻው መስመር ላይ ነበሩ ማለት ነው። ከቆቦ በሦስተኛው ቀን በሚደርሰው ቁስለኛ ላይ ግን ተሐዋሲው ሦስት ቀን ቀድሞ ተነሥቷል። የሠፈረውም በሞተ ሥጋና ደም በተለየው አጥንት ውስጥ እንጂ በብረት ላይ አይደለም። የልባጡ ኃይል ደግሞ ከብረቱ ወለል ብዙ አይርቅም። በቅርጹ የሚገድለው የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው። በሞተ አጥንት ውስጥ ያለውን ተሐዋሲ የትኛውም ልባጥ አይደርስበትም፤ የሚደርስበት የቀዶ ሐኪሙ እጅ ብቻ ነው።

ስለሆነም ልባጥ ያለው ብረት ጥቂት ቢገኝ ለማን ይዋል የሚለው ጥያቄ ከወዲሁ መልስ ማግኘት አለበት። ልባችን የሚያዘነብለው መግል ለሚፈስሰው ቁስለኛ ነው። እኔ ግን ቅድሚያው ሊሰጥ የሚገባው ቁስሉ ተጠርጎ ለነጻ፣ በኤክስተርናል ፊክሳተር ቆይቶ አሁን ወደ ውስጥ ዘንግ ለሚዛወር በሽተኛ ነው እላለሁ። ቀጥሎም ከባድ ክፍት ስብራት ኖሮት በጊዜ ደርሶ ለታጠበው ይገባል። በእነዚህ ላይ ውድድሩ ገና አልተፈረደም።

የልባጡን ጠባይ በሚመለከት አራት መመዘኛዎችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በማይዝግ ብረት ላይ የሚሠራ ይሁን። ስለ ረቂቅ ቱቦዎች የተጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ ስለ ቲታኒየም ነው። በአገራችን የጭንና የቅልጥም ስብራት ከሚጠገንባቸው ዋና ዋና መሣሪያዎች አንዱ ግን ሳይን የተባለው ድርጅት የሚልከው ዘንግ ነው። ይህን ድርጅት ዶክተር ሉዊስ ዘርክል እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ሪችላንድ ከተማ የመሠረቱት ሲሆን፣ ዘንጉ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ሲሠራበት ቆይቷል። የተሠራውም ከማይዝግ ብረት ነው። በዚህ ብረት ላይ የቲታኒየም ቱቦ በቀጥታ አይበቅልም። ደግነቱ እ.ኤ.አ. በ2018 በጆርጂያ የቴክኖሎጂ ተቋም ያሉ ተመራማሪዎች፣ 316 ኤል የተባለውን የማይዝግ ብረት በኤሌክትሪክና በአሲድ በመሸርሸር ብቻ ናኖ ሜትራዊ ሻካራ ወለል እንደሚወጣለትና ስታፊሎኮከስም ሆነ ኢ. ኮላይ በላዩ ላይ መጣበቃቸው እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ሥራው የቤተ ሙከራ ውጤት ነው፤ ቢሆንም ከእኛ ብረት ጋር የሚዛመደው መንገድ ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ እንፋሎትን ይቻል። መሣሪያዎቻችንን በ121 ወይም በ134 ዲግሪ ሙቀት እንቀቅላለን። ሟሚው ፕላስቲክ ከ60 ዲግሪ ሳያልፍ ስለሚለሰልስ በፋብሪካ ታሽጎ መምጣትና የአገልግሎት ዘመኑ ሳያልፍ መግባት አለበት። በቆላ ሙቀትና በመንገድ መዘግየት ይህ አስተማማኝ አይደለም። በብረቱ ላይ የተቀረጸ ቅርጽና የኦክሳይድ ወለል ግን ሙቀትን በተሻለ ይችላሉ።

ሦስተኛ፣ መፋተግን ይቻል። የሳይን ዘንግ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ኤክስሬይ ሳያስፈልግ በእጅ ተገፍቶ የሚገባ ነው፤ ይህም ትልቅ ጸጋው ነው። ዘንጉ በመቅኔው ቦይ ውስጥ ሲያልፍ ግን ከአጥንቱ ጋር ይፋተጋል። በሳህን ላይ ድንቅ ሆኖ የታየ ልባጥ በዚህ ጉዞ ተልጦ ቢቀር ምንም አልተሠራም። የተላጠውም ስባሪ ራሱ እንግዳ አካል ይሆናል።

አራተኛ፣ ስታፊሎኮከስን እየከለከለ የአጥንትን ሕዋስ አይግደል። ብር በመጠን መድኃኒት፣ ከመጠን በላይ ግን መርዝ ነው። አጥንት እንዳይገጥም የሚያደርግ ልባጥ መግሉን በሌላ አካል ጉዳት ይለውጠዋል እንጂ አላዳነም።

ሠ. ልባጡ እስኪደርስ

አበው «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። ለክፍት ስብራት ከዚህ የበለጠ መመሪያ የለም። ፓትዛኪስና ጓደኞቻቸው እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት፣ አንቲባዮቲክ ካልተሰጣቸው የክፍት ስብራት ቁስሎች 13.9 በመቶ ሲመረቅዙ፣ ሴፋሎቲን ከተሰጣቸው ግን የመረቀዙት 2.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በእኔ አስተያየት በቆቦ የሚሰጥ አንድ መርፌ በደሴ ከሚገባ የተለበጠ ብረት የበለጠ እግር ሊያድን ይችላል።

ውኃውም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው፣ 2,447 ክፍት ስብራት ያለባቸውን ሰዎች ውጤት በመረመረው ዓለም አቀፍ ጥናት፣ በሳሙና ከታጠቡት መካከል ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው 14.8 በመቶ፣ በጨው ውኃ ብቻ የታጠቡት ግን 11.6 በመቶ ሆነው ተገኝተዋል። በኃይል የሚረጭ መሣሪያም ከፍ ካለ ቦታ በዝግታ ከሚወርደው ውኃ ብልጫ አላሳየም። ውድ መሣሪያ የለንም ብሎ ሳያጥቡ መላክ ከእንግዲህ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

በቀዶ ሕክምና ክፍልም የሚሠራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ በወጣ፣ ከባድ የቅልጥም ስብራት ያለባቸውን 980 ሰዎች ባካተተ ጥናት፣ የቫንኮማይሲን ዱቄት በቁስሉ ውስጥ ሲነሰነስ ጥልቅ መመርቀዝ ከ9.8 ወደ 6.4 በመቶ ዝቅ ብሏል። ይህ ልዩነት በአኃዝ ሚዛን ድንበር ላይ የቆመ ነው፤ ስታፊሎኮከስና መሰሎቹ ያመጡት መመርቀዝ ግን ከ6.7 ወደ 3.3 በመቶ፣ ማለትም በግማሽ ቀንሷል። የመረቀዘውን አጥንት በተመለከተም፣ የአጥንት ሲሚንቶን ሙቀት ከሚችል አንቲባዮቲክ ጋር ለውሶ፣ ለደረት ፈሳሽ ማውጫ በሚያገለግለው ቱቦ ውስጥ በቀጭን ዘንግ ዙሪያ አፍስሶ፣ ሲደርቅ ቱቦውን መላጥ ይቻላል። ይህ በሐኪሙ እጅ በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ልባጥ ነው። ልባጥን ለመጀመር ፋብሪካ የግድ እንዳልሆነ ያስረዳል።

ረ. ለማኅበሩ የማቀርበው ሐሳብ

ከላይ ከተባለው በመነሣት ማኅበራችን የሚከተሉትን እንዲመለከት አሳስባለሁ።

1ኛ. ክፍት ስብራት የሚያይ ማናቸውም ጤና ጣቢያና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል በሽተኛውን ከመላኩ በፊት አንቲባዮቲክና የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ እንዲሰጥ፣ ቁስሉን እንዲያጥብ፣ አጥንቱን እንዲደግፍ፣ በመላኪያው ወረቀት ላይም የተሰበረበትንና የመጀመሪያው መርፌ የተሰጠበትን ሰዓት እንዲጽፍ አንድ አጭር መመሪያ ይዘጋጅ። ሁለቱ ሰዓቶች ካልተጻፉ ስለ ልባጥ የምናደርገው ጥናት ሁሉ መሠረት አይኖረውም።

2ኛ. ወጌሾች በሥልጠናው ይካተቱ። የሚጠየቁትም አንድ ነገር ነው፤ ደም የወጣበትንና አጥንት የታየበትን ስብራት ሳያስሩ በዚያው ቀን እንዲልኩ።

3ኛ. ሳይን ዘንጎቹን የሚተካው ሐኪሙ የእያንዳንዱን ቀዶ ሕክምና መግለጫና ክትትል ሲልክለት ነው። ይህ ልማድ ያለ ተጨማሪ ወጪ የጥናት መዝገብ ሊሆነን ይችላል። በሽተኛው እስከ አንድ ዓመት በስልክ ይጠየቅ፤ ቁስሉ ፈስሶ እንደሆነ ይመዝገብ።

4ኛ. አራቱ መመዘኛዎች በጽሑፍ ሆነው ለአምራቾችና ለረጂ ድርጅቶች ይላኩ። ልባጥ ያለው ብረት ሲመጣም ለተወሰኑት በሽተኞች የተለበጠው፣ ለሌሎቹ ያልተለበጠው በዕጣ ተመድቦ ይነጻጸር። በታንዛኒያ ዳሬሰላም በሙሂምቢሊ የአጥንት ሕክምና ተቋም በክፍት የቅልጥም ቁስል ውስጥ ጄንታማይሲን በመስጠት እንዲህ ያለ የንጽጽር ጥናት ተጀምሯል፤ እኛም ከዚህ የምናንስበት ምክንያት የለም።

5ኛ. የማይዝግ ብረትን በኤሌክትሪክና በአሲድ መሸርሸር የብረታ ብረት ሠራተኛ የሚረዳው ዘዴ ነው። በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ተቋም ከብረቱ ቁራጭ ላይ ቢሞክረው፣ የተሐዋሲያኑ ምርመራም እ.ኤ.አ. በ1970 በተመሠረተው በአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ቢከናወን፣ ቢያንስ ከራሳችን ቁስለኞች መግል የተገኘው ስታፊሎኮከስ በዚህ ወለል ላይ ይጣበቅ ወይም አይጣበቅ እንደሆነ ራሳችን መለየት እንችላለን። ይህ ወደ በሽተኛ የሚደርስ ሥራ ባይሆንም፣ የምንጠይቀውን ዐውቀን እንድንጠይቅ ያደርገናል።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤

ረቂቅ ጥበብ ለድኻ አገር አይሆንም የሚለውን አስተያየት አልቀበልም። ቁስሉ ዘግይቶ የሚደርስበት፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ቀዶ ሕክምና ለማድረግ አቅም የሌለበት አገር ከማንም ይልቅ የማይመረቅዝ ብረት ያስፈልገዋል። ነገር ግን ልባጡ መጥቶ ያድነናል ብለን ያልታጠበ ቁስል ላይ ብንደርበው፣ ከፍ ባለ ዋጋ የተገዛ ብረት በመግል ውስጥ እንቀብራለን። በራያ ሜዳ በሁለት እግሩ ቆሞ ማረስና ማሽላውን መጠበቅ ላለበት ሰው የሚበጀው ሁለቱም በየተራቸው ሲደርሱለት ነው፤ ውኃውና መርፌው በመጀመሪያው ሰዓት፣ ጥሩው ብረት በተገቢው ቀን።